ሰዓዳ እና ቤት ያጣችው ጳጉሜ

ምትኩ የበደለኝ የሐይቁ ጀልባዎች በኮምፒዩተር መጫን በጀመሩበት ዓመት፣ በነሐሴ አጋማሽ ነው። ከፕሮግራም ሥራ አንሥቶ ወደብ ላይ ትኬት ቆራጭ አደረገኝ። በደብዳቤው ላይ ያሰፈረው ምክንያት «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል። ሙያውን የተማርሁት ልጆቼን አስተኝቼ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወደ ሙያዬ የመለሰኝ የለም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የምናገረው ነገር ከየት እንደሚነሣ እንዲታወቅ ነው።

ስለ ምትኩ ግን ከሚያስፈልገው በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሰዓዳ ነው። ሰዓዳ ባለፈው ወር አረፈች። ወንድሟ ኑሩ ሲደውልልኝ ቀብሩ አልፎ ነበር። «እታለም፣ ስልክሽን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው፤ አፉ በይን» አለኝ። በማግሥቱ ሹም አቦ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ለለቅሶ ስሄድ ምትኩ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ሰዎች ከበውታል።

«ሰዓዳን ለሙያው ያበቃኋት እኔ ነኝ» ይላል። «ያን የጳጉሜ ስሕተት ስናገኝም አብረን ነበርን። እኔ ባልጠረጥር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው...»

ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምትኩ አየኝና ዝም አለ። አጠገቡ የነበረውን ባዶ ወንበር አልፌ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ይህን ለመጻፍ የወሰንሁ እዚያው ቁጭ እንዳልሁ ነው።

ሰዓዳ የወረታ ልጅ ናት። አባቷ የፎገራን ሩዝ ገዝተው ባሕር ዳር እያመጡ ይሸጡ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን ሰዓዳና እኅቶቿ በሱቃቸው በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ከሩዙ ውስጥ ጠጠር ሲለቅሙ ይውላሉ። አባቷ ማምሻውን ከእያንዳንዷ ሰፌድ አንድ እፍኝ አንሥተው መዳፋቸው ላይ በትነው ያያሉ። አንዲት ጠጠር ካገኙ አይቆጡም፤ ሰፌዱን ሙሉውን መልሰው ከጆንያው ላይ ይደፉታል። ከእንደገና ነው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። «እታለም፣ ጥቁሩን ጠጠርማ ማንም ያየዋል። እኔ ስፈራ የኖርሁት ሩዝ መስሎ የሚተኛውን ነጩን ነው» ትል ነበር። በኋላ በሥራዋ ላይ ያየሁባት ጠባይ ሁሉ ከዚያ በረንዳ የመጣ ይመስለኛል።

መልኳን ልንገራችሁ። ረጅም፣ ቀጭን ናት። መነጽሯን ሻሿ ላይ ትሰካውና ረስታው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትፈልገዋለች። ካገኘችው በኋላ ራሷ ላይ ትስቃለች። ከኪሷ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም፤ የኮምፒዩተሯ ቁልፎች ሥር ያለው የቆሎ ገለባ ዶሮ ይቀልባል እያልን እናሾፍባት ነበር። ስትናደድ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን የማያውቅ ሰው የተስማማች ይመስለዋል።

የምንሠራበትን ድርጅት ስሙን አልጠራም። ጀልባ አለው፣ ሰውና ዕቃ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል፤ ይህ ይበቃል። ቢሮው ከውኃው ብዙ አይርቅም። በክረምት መስኮቱን ስንከፍት የረጠበ ደንገል ይሸተናል። በፕሮግራም ክፍሉ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ኃላፊው ምትኩ፣ እኔ፣ እና ከእኔ በዕድሜ በጣም የምታንሰው ሰዓዳ። ምትኩን ያን ጊዜ አንቱ እንለው ነበር። አሁን አልለውም።

የተሰጠን ሥራ ቀላል ይመስላል። ጀልባ ከአቅሙ በላይ እንዳይጭን የሚከለክል ፕሮግራም መጻፍ ነው። መሳፈሪያው ላይ አንድ ስክሪን ይቆማል። ሰው በገባ ቁጥር ትኬት ቆራጩ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ስክሪኑ የተሳፈረውን ሰው ቁጥርና የጀልባውን ገደብ ጎን ለጎን ያሳያል። ገደቡ እስኪታለፍ አረንጓዴ ነው፤ ሲታለፍ ይቀላል፤ ሲቀላ ካፒቴኑ ሞተር አያስነሣም። ገደቡ ከወር ወር ይለያያል፤ በክረምት ሐይቁ ስለሚናወጥ ያንሳል፣ በበጋ ይጨምራል።

ላልለመደው አንባቢ አንድ ነገር ላብራራ። ፕሮግራመር የሚጽፈውን ማሽኑ እንደወረደ አይረዳውም። በመካከል ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ አለ። ጨርሶ የማይተረጎም ነገር ሲያጋጥመው ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። የሚተረጎም፣ ግን የሚያጠራጥር ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ ይተረጉምና ከሥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ በዚህ መስመር ላይ ያልኸውን አድርጌልሃለሁ፣ ግን ይህን ማለትህ ነውን? እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን አያነበውም። ሰዓዳ ከመምጣቷ በፊት እኛም አናነብም ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲንቆረቆር እያየን ሻይ ልንጠጣ እንነሣለን።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንበሯን ስባ አጠገቤ መጣች።

«እታለም፣ ይኸ ሁሉ ሰው ሲጮኽብሽ ምንም አይመስልሽም?»

«ማን ጮኸብኝ?»

«ኮምፓይለሩ ነዋ! እዪው እስቲ። ከጠዋት ጀምሮ ሲለምንሽ ነው።»

«ይሠራል እኮ» አልኋት።

«መሥራቱንማ ይሠራል። ሲያቆምሽ አትፍሪው፤ አቁሞሻል። እያጉረመረመ ሲያሳልፍሽ ነው መፍራት።»

ያን ዕለት ያጉረመረመው ሕፃናቱን በተመለከተ ነበር። እናቶቻቸው የሚታቀፏቸው ሕፃናት ትኬት አይቆረጥላቸውም፤ ክብደታቸው ግን እንዲታሰብ ተወስኖ ነበር። እኔ ለሕፃናቱ መቁጠሪያ ጽፌያለሁ። ኮምፓይለሩ ይህን ነገር ቆጥረሽ ለምንም አልተጠቀምሽበትም ይላል። ሰዓዳ መስመሩን በጣቷ እየነካች በሳቅ ፈረሰች።

«እታለም በአላህ! እነዚህን ሁሉ ሕፃናት ቆጥረሽ ቆጥረሽ ሐይቅ ውስጥ ነው የጣልሻቸው?»

እውነቷን ነበር። ቁጥሩ ከጠቅላላው ጋር አልተደመረም። አንድ ጀልባ ሙሉ ሕፃን ቢጫን ፕሮግራሙ ባዶ ነው ይላል። እኔ ስቄ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ሥርዓት ነበረን። እሷ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ታበራለች። አንዳንዶቹ ካልተጠየቁ አይናገሩምና እነሱንም ጭምር ትጠይቃለች። ከዚያ የመጀመሪያውን ብቻ ጮክ ብላ ታነባለች። ሁለተኛውን ላንብብ ካልሁ እጄን ቸብ ታደርገኛለች። «ተይ፣ የበኩሩን እንስማ። ሌሎቹ የሱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።» የመጀመሪያውን አስተካክለን መልሰን ስናስተረጉም ብዙ ጊዜ ከሥሩ የነበሩት አብረው ይጠፋሉ። እሷ በደስታ ታጨበጭባለች፤ ምንም ብርቅ ነገር እንዳልሆነ እያወቀች።

አንድ ነገር ግን አጥብቃ ትጠላ ነበር። ምን እንደሚል ሳይገባን ዝም ለማሰኘት ብቻ አንድ ቃል ጨምረን ብናልፍ መናደዷን በድምጿ ዝቅታ አውቀዋለሁ። «አሁን ጠጠሩን አወጣሽው ወይስ ሩዝ ከላዩ በተንሽበት?» ትላለች። አንድ ቀን አዲስ መቁጠሪያ አበጅቼ ከምን እንደሚጀምር ሳልነግረው ቀረሁ። ኮምፓይለሩ መነሻ አልተሰጠውም አለ። ባዶ መስሎኝ ነበር። «ባዶ ዕቃ የሚባል ነገር የለም» አለችኝ፤ «ያላጠብሽው ድስት ነው። የትናንት ወጥ አለበት፤ የማን ወጥ እንደሆነ ግን አታውቂም።» እንዲህ እያደረገች ነው ያስተማረችኝ። ያስተማሩኝ ወንዶች መምህራን ሁሉ ሳይጨምሩልኝ የቀሩትን እሷ በአንድ ክረምት ጨመረችልኝ። ይህን በሕይወት ሳለች አልነገርኋትም።

የገደቡን ሠንጠረዥ፣ ማለትም የየወሩን ገደብ የያዘውን ክፍል፣ የጻፈው ምትኩ ራሱ ነው። «ይኼ ዋናው ነገር ስለሆነ በኔ ይሁን» አለ። አዲስ አበባ የተማረ ሰው ነው፤ አነጋገሩም የዚያ ነው። ክፍሉን ቆልፎ ያዘው፤ እኛ እንድናየው አልፈቀደም።

በነሐሴ አጋማሽ ከበላይ እንግዶች መጡ፤ ሥራውን ሊያዩ ነው። ምትኩ ፕሮግራሙን በፊታቸው ሊያስነሣ ሲያስተረጉም ማስጠንቀቂያዎቹ ስክሪኑን ሞሉት። ከእንግዶቹ አንዱ ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ቢለው ፊቱ ተለዋወጠ። ሲሄዱ በሩን ዘግቶ መጣ።

«ይኼን ነገር አጥፉልኝ» አለ። «ሁሉንም። ንጹሕ ስክሪን ነው የምፈልገው።»

ሰዓዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አቶ ምትኩ፣ የኛ ክፍል ንጹሕ ነው። ያ ሁሉ የመጣው ከርስዎ ክፍል ነው። ይክፈቱልንና የመጀመሪያውን ብቻ እንየው» አለችው።

«የኔ ክፍል ይሠራል።»

«መሥራቱንማ ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የሚለውን መስማት።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ትልቋ? አንቺም ማጉረምረም ሊሰማሽ ነው?»

«የሷን ሐሳብ ነው የምደግፈው» አልሁት። ያልሁት ይኸን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ዘጋቸው፤ ፕሮግራሙ የሚተረጎመውም በእሱ ማሽን ላይ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። እኔን ወደ ትኬት መስኮት ላከኝ። ሰዓዳን አልነካትም፤ ያለ እሷ ሥራው እንደማይሄድ ያውቃል።

ዕቃዬን ስሰበስብ እሷ አጠገቤ ቆማ ነበር። ታጽናናኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እታለም፣ ወደቡ ላይ ስትሆኚ ስክሪኑን ለኔ እይልኝ» አለችኝ። ተናደድሁ። እኔን ሜዳ ላይ ጥለውኝ እሷ የምታስበው ስለ ስክሪን ነው። «ምን እንድፈልግልሽ?» አልኋት። «እሱማ እኔም አላውቀው» አለች። «የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

በነሐሴ የቀሩት ቀናት ፕሮግራሙ በትክክል ሠራ። ገደቡ ሲታለፍ ይቀላል፤ ካፒቴኑ ሞተሩን አያስነሣም፤ የቀረው ሰው ቀጣዩን ይጠብቃል። ምትኩ በየቀኑ እየመጣ ስክሪኑን በኩራት ያየዋል። እኔን አያየኝም።

ከዚያ ጳጉሜ ገባ።

ጳጉሜ ለኛ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ዓመቱ ሊያልፍ ሲል ጠበል የማይሻ የለም። በመጀመሪያው ቀን ወደቡ ገና በማለዳው ነጠላ በነጠላ ሆነ። እናቶች ልጆች አዝለዋል፣ መነኮሳት አሉ፣ ጄሪካን የያዘው አይቆጠርም። ትኬት እየቆረጥሁ ቁልፉን እጫናለሁ። ብዙ ቆርጬ ቀና ስል ስክሪኑ አሁንም አረንጓዴ ነው። ጀልባውን አየሁ። በነሐሴ ከዚያ በጣም ያነሰ ሰው ጭኖ ይቀላ ነበር። ውኃው ከጀልባው ጠርዝ አንድ ክንድ እንኳ አልቀረውም። ገደቡን አየሁት። ከተሳፈረው ሰው ቁጥር ጋር እኩል ነው። አንዲት ሴት አስገብቼ ቁልፉን ተጫንሁ። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ጨመሩ።

ለሰዓዳ ደወልሁላት።

«ገደቡ ስንት ይላል?» አለችኝ።

«ከተሳፈረው እኩል።»

«ቅድምስ?»

«ቅድምም እኩል ነበር። ሰው ሲገባ አብሮ ነው የሚጨምር።»

ቆሎ የምትቆረጥመው ድምፅ ቆመ። ከዚያ፣ «እታለም፣ ትኬት አቁሚ። መጣሁ» አለች።

መስኮቱን ዘጋሁት። ሰዉ ጮኸ። አንዱ በሩን በዱላ ይመታል። «ምን ሆነሽ ነው፣ በጾም በጸሎት ቀን!» ይለኛል ሌላው። ካፒቴኑ ከጀልባው ላይ ሆኖ፣ «ምንድን ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ አይደለም እንዴ? ማሽኑ የፈቀደውን አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ይላል። ካፒቴኑ የመሳፈሪያውን ሳንቃ ሊያነሣ ሲል ሰዓዳ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ ወጥታም ሳንቃው ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ውረጂ» አላት ካፒቴኑ።

«አልወርድም፣ ጋሼ። እኔ ላይ ሆኜ ሳንቃውን ማንሣት ይችላሉ?»

ጀልባው ላይ ያሉት አጉረመረሙ። አንዲት ባልቴት ሻሿን አይተው፣ «አንቺ ልጅ የሙስሊም ልጅ አይደለሽ? በጠበላችን ምን አገባሽ?» አሏት።

«እማማ፣ ጠበሉ የርስዎ ነው፤ አልነካብዎትም። ዋናተኛ ነዎት?»

ሰዉ ሳቀ። ባልቴቲቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሰዓዳ ሳቁን አላሳለፈችውም፤ ወደ እኔ ጮኸች፦ «እታለም፣ ስክሪኑን ወደ ሰዉ አዙሪው!» አዞርሁት። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት መነኩሴ ነበሩ። «እማሆይ» አለቻቸው፤ «አንድ ጊዜ ይውረዱልኝ። ወዲያው ይመለሳሉ።»

እማሆይ ተደግፈው ወረዱ። በመቀነሻው ቁልፍ አንድ ቀነስሁ። ገደቡም አብሮ ቀነሰ።

«ይመለሱ።»

ተመለሱ። ጨመርሁ። ገደቡም ጨመረ።

«እኔን ነው እንዴ የሚከተለኝ?» አሉ እማሆይ።

«እርስዎን ነው፣ እማሆይ። እኔም ብገባ ይከተለኛል። ከተማው ሁሉ ቢገባ ጀልባው ይችላል ነው የሚለው። ገደብ አይደለም፤ ማንንም አይከለክልም።» ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ዞረች። «ጋሼ፣ ማሽኑን ተዉት። እርስዎ ስንት ዓመት ሐይቁን ያውቁታል? ጠርዙን ይዩና እርስዎ ይንገሩን።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር። «ግማሻችሁ ውረዱ» አለ፤ እየተቆጣ ነው ያለው፤ ማንን እንደተቆጣ ግን አልገባኝም።

ሰዉ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ሲሄዱ የቀሩት ጠበቁ። ያቺ ባልቴት ወርደው ሰዓዳ አጠገብ ቆሙ፤ የነጠላቸውን ጫፍም ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት፤ ካፊያ ጀምሮ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ እኔም እሷን ተከትዬ ቢሮ ሄድሁ። ማንም አልፈቀደልኝም፤ ሄድሁ። ሰዓዳ ምትኩ ፊት የሱን ክፍል አስከፍታ ማስጠንቀቂያዎቹን አበራች። ጥፋቱ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ ነበር፤ ከሠንጠረዡ ወሰን ውጭ ተጽፏል ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ምትኩ ሠንጠረዡን የቀዳው ከውጭ ከመጣ ፕሮግራም ነው፤ አሥራ ሁለት ቤት፣ ማለትም ለየወሩ አንድ የቁጥር ማስቀመጫ፣ ነበረው። የወሮቹን ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ለወጠ፤ ከሥር ለጳጉሜ አንድ መስመር ጨመረላት። ቤቱን ግን አላሰፋም። ጳጉሜ የምትገባበት ስታጣ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ጎረቤት ገባች። ጎረቤቱ የተሳፋሪ መቁጠሪያው ነበር። ሁለቱ አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ሰው በተቆጠረ ቁጥር የጳጉሜ ገደብ አብሮ አደገ። በሌላው ወር ሁሉ ገደቡ ከራሱ ቤት ስለሚነበብ ይህ አይታይም።

ምትኩ ስክሪኑን እያየ፣ «ጽፌያታለሁ እኮ! እዪ፣ ጳጉሜ ብዬ መስመሯን ጽፌያለሁ» አለ።

«ጽፈዋታል» አለች ሰዓዳ። «ቤት ግን አልሰጧትም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አቶ ምትኩ፣ እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት። ለጳጉሜ ቤት የምትለምንላት የወረታ ሙስሊም ትሁን?»

እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ይህን አልደብቅም።

ያን ቀን ማታ አስተካከለችው። ሌላም ነገር አደረገች፦ ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ስሕተት እንዲቆጠር አዘዘችው። ከዚያ በኋላ አንዲት ማስጠንቀቂያ ካለች ፕሮግራሙ ጨርሶ አይተረጎምም፤ ምትኩም ቢሆን አያልፍም። «አሁን የሚያሳልፍ ሰው የለም» አለችኝ፤ መነጽሯን እየፈለገች። ሻሿ ላይ ነበር።

ሰው አልሞተም። ማንም የማያውቃት ለዚህ ነው። ጀልባ ቢሰጥም ኖሮ ስሕተቱን ሁሉም ያወራው ነበር፤ ሰው በሙሉ ቤቱ ስለ ገባ የሚወራ ነገር ጠፋ። አዲሱ ዓመት ሳይጋመስ ስብሰባ ተጠራ። ምትኩ ተነሥቶ በጳጉሜ ፍተሻ እንዲደረግ ያዘዘው እሱ እንደሆነ ተናገረ። እኔ ደግሞ ያለ ሥልጣኔ የትኬት መስኮት ዘግቼ ሕዝብ በማወክ ተወቀስሁ። ሰዓዳ እጇን አወጣች። «መስኮቱን የዘጋችው እኔ አዝዣት ነው። መዝጋቷም ነው ሰዉን ያዳነ። ወደ ሥራዋ ትመለስ» አለች። ሰብሳቢው ይታያል አለ። አልታየም።

በየወሩ ጠየቀችልኝ። እኔ እንድትጠይቅልኝ ለምኛት አላውቅም። አንድ ቀን ወደቡ ላይ መጥታ መስኮቴ ሥር ቆማ፣ «እታለም፣ በነዚህ ሰዎች ተስፋ ቆረጥሁ» አለችኝ። እንዴት ሳትናደድ እንደምትችል ጠየቅኋት፤ ስሟን እንኳ ሳይጠሩት ሥራዋን ወሰዱት እኮ። ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። «ጀልባው ደረሰ አይደል?» አለች። «እኔ የጠየቅሁት ያንን ብቻ ነው።»

እንደ እሷ መሆን አልቻልሁም። አልሞከርሁምም።

በዓመቱ ሥራ ለቀቀች። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ለወጣቶች ፕሮግራም ማስተማር ጀመረች። ኮምፒዩተሮቹ አሮጌ ናቸው፣ መብራት እየሄደ ያስቸግራል፤ ተማሪ ግን አልጠፋም። ማስጠንቀቂያ ያለበትን ሥራ አትቀበልም ተብሎ በከተማው ይወራ ነበር። የሚጠሏት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሥራ ሲይዙ ግን ተመልሰው መጥተው ያመሰግኗታል። እኔን ሁለት ጊዜ አብረን እናስተምር ብላኛለች። አልሄድሁም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህም አልናገረውም። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬ ማን ተቆጣሽ?» ነበር። ኮምፓይለሩን ማለቷ ነው። ትኬት ቆራጭ ኮምፓይለር እንደሌላት ታውቃለች። ቢሆንም ትጠይቀኛለች፤ እኔን አሁንም የሙያው ሰው አድርጋ ነው የምታየኝ። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲያ የሚያየኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ወጣት አጠገቤ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ከሰዓዳ ተማሪዎች አንዷ ናት። ስሟን ስጠይቃት ቤዛ አለችኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ስጠይቃት በአገጯ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ አመለከተች። የምትኩ ልጅ ናት። ሰዓዳ ተቀብላ ስታስተምራት ኖራለች። ለእኔ አልነገረችኝም። መናገርም እንዳለባት አልመሰላትም ይሆናል።

ስነሣ ኑሩ እስከ በር ሸኘኝ። «ተማሪዎቹ ክፍሉ ደጃፍ እየመጡ ይመለሳሉ» አለኝ። «ኪራዩ ለዓመት ተከፍሏል። እኔ ሩዝ ነው የማውቀው፣ እታለም። ምን ላድርጋቸው?»

ቁልፉን ስጠኝ አልሁት። ሰጠኝ።

ሰኞ ክፍሉን ከፈትሁ። ጠርጌ ተማሪዎቹን አስገባሁ፤ ሥራቸውን ከማስጠንቀቂያው ጋር እንዲያሳዩኝ ነገርኋቸው። ሲወጡ ቤዛ ወደ ኋላ ቀረች።

«እትዬ፣ የጳጉሜን ስሕተት ያገኘሁት እኔ ነኝ ይላል አባቴ። መምህርትን ስጠይቃት ሥራሽን ሥሪ ነበር የምትለኝ። እርስዎ ወደቡ ላይ ነበሩ አሉ። አባቴ የሚለው እውነት ነው?»

«አይደለም» አልኋት።

አስቀምጬ ከነሐሴው ደብዳቤ እስከ ስብሰባው ያለውን ሁሉ ነገርኋት። ምንም አልጨመርሁም፤ ምንም አላስቀረሁላትም። እስክጨርስ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ያመጣችውን ሥራ ከፍቼ አየሁት። አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። አስተካክላ እንድታመጣው መለስሁላት።